ጥያቄው ከፈተና ቀን በፊት ይምጣ

በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «የትምህርት ቲዎሪዎች ለክፍል ውስጥ ማስተማር ምን ይጠቅማሉ?» የሚል ነው። ርእሱ ሰፊ፣ ጊዜው ደግሞ አጭር ስለ ሆነ የሊቃውንቱን ስም በተራ እየጠራሁ የእያንዳንዳቸውን አሳብ ለመዘርዘር አልነሣም። ይህንማ ሁላችንም በየደብተራችን ጽፈነዋል። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። አንድ አስተማሪ ነገ ጧት በሁለት ሰዓት ከስልሳ ተማሪዎች ፊት ሲቆም እነዚህ ቲዎሪዎች ምን አድርግ ይሉታል? ምንም የማይሉት ከሆነ ለፈተና ተጠንተው የሚረሱ ስሞች ብቻ ናቸው።

ነገሩ የቃላት ክርክር እንዳይመስል በቁጥር ልጀምር። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ግማሽ ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2015 ከመቶ 3.2፣ በ2016 ደግሞ ከመቶ 5.4 ሆኑ። ለዚህ ብዙ ምክንያት ተሰጥቷል፤ የመጻሕፍት እጥረት፣ የአስተማሪ እጥረት፣ የጦርነት ችግር፣ ለዓመታት ሥር የሰደደ ኩረጃ ተጠቅሷል። ሁሉም እውነትነት አለው። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። እነዚያ ልጆች አሥራ ሁለት ዓመት ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል። በየዓመቱ ትምህርቱ «አልቋል» ተብሏል። አለማወቃቸው የተገለጠው ግን በመጨረሻው ቀን ነው። እስከዚያ ድረስ አልተጠየቁም ማለቴ አይደለም፤ ተጠይቀዋል። የተጠየቁት ግን ለመመዘን እንጂ ለመታረም አልነበረም።

የንግግሬ ፍሬ አሳብ በአጭሩ ይህ ነው። እርስ በርሳቸው የሚከራከሩት የትምህርት ቲዎሪዎች የሚገናኙበት አንድ ነጥብ አለ፤ እሱም ጥያቄ የትምህርት መዝጊያ ሳይሆን የትምህርት መሣሪያ መሆኑ ነው። ጥያቄው ከፈተና ቀን በፊት መምጣት አለበት፤ ከመጣም በኋላ መልሱ መሰማት፣ ከተሰማም በኋላ መታረም አለበት።

ከሁሉ አስቀድሞ በብዙዎቻችን አእምሮ ውስጥ ስሙ ሳይጠራ የሚኖር አንድ ቲዎሪ መኖሩን እናስታውስ። በዚህ ቲዎሪ አስተማሪው የሞላ እንስራ፣ ተማሪው ባዶ ገንቦ ነው፤ ማስተማር ማለትም ከሞላው ወደ ጎደለው መቅዳት ነው። አስተማሪው ከተናገረ አስተምሯል፤ ተማሪው ከጻፈ ተምሯል። ይህን አሳብ በኮርስ ያስተማረን ማንም የለም፤ ሆኖም ክፍሎቻችንን የሚገዛው እሱ ነው።

ይህን አስተያየት በጊዜው ካናጉት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው ኤድዋርድ ቶርንዳይክ ነው። ቶርንዳይክ እ.ኤ.አ. በ1898 ባሳተመው ጥናት ድመቶችን በሣጥን ውስጥ እየዘጋ መውጫውን እንዴት እንደሚያገኙ ተመለከተ። የጠቀማቸው እንቅስቃሴ እየጸና፣ ያልጠቀማቸው እየጠፋ ሲሄድ አየ። በኋላ ደግሞ ሰዎችን ዓይናቸውን ሸፍኖ የተወሰነ ርዝመት ያለው መሥመር ብዙ መቶ ጊዜ እንዲያሠምሩ አደረገ፤ ልክ መሆናቸውንና አለመሆናቸውን ግን አልነገራቸውም። ሰዎቹ ያን ያህል ደጋግመው ምንም አልተሻሻሉም። እንግዲህ ድግግሞሽ ብቻውን አያስተምርም፤ የሚያስተምረው እርማት ያለበት ድግግሞሽ ነው።

ከእሱ በኋላ የተነሣው ስኪነር እ.ኤ.አ. በ1953 ልጁ የምትማርበትን የሒሳብ ክፍል ሊጎበኝ ሄደ። አንዳንዶቹ ልጆች ጨርሰው ያለ ሥራ ተቀምጠዋል፤ ሌሎቹ ጭንቅ ይዟቸዋል። ከሁሉም አንድ እንኳ ልክ መሆኑን እዚያው የሚያውቅ አልነበረም፤ ወረቀቱ ታርሞ እስኪመለስ መጠበቅ ነበረባቸው። ስኪነር የማስተማሪያ መኪና ለመሥራት የተነሣው ከዚህ በኋላ ነው። መኪናው ዛሬ ተረስቷል። ቅሬታው ግን አልተረሳም፤ የተማሪው መልስና የአስተማሪው እርማት በተራራቁ ቁጥር ትምህርቱ ይላላል።

ሁለተኛው የጥናት ወገን ስለ ማስታወስና ስለ መርሳት ይናገራል። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው መጽሐፍ ተመርማሪውም መርማሪውም እሱ ራሱ ነበር። ትርጉም የሌላቸውን ፊደላት እያጠና ስንቱ እንደሚቀርለት ለካ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ከድካሙ ውስጥ ከግማሽ በላይ፣ ከአንድ ቀን በኋላ ደግሞ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ባክኖ አገኘው። ትርጉም ያለው ነገር እንዲህ ቶሎ አይረሳም፤ የመርሳቱ መንገድ ግን ተመሳሳይ ነው። ኤቢንግሃውስ ከዚህ የበለጠም ነገር አገኘ። በአንድ ጊዜ 68 ጊዜ በመድገም ያገኘውን ውጤት በሦስት ቀን ተከፋፍሎ በ38 ድግግሞሽ አገኘው። ይህን የሰማ ተማሪ በፈተና ዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ ሻማ እያበራ የሚያድርበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ ራሱን ይጠይቅ።

በእኛ ዘመን ደግሞ ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 አንድ ጥናት አወጡ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አጭር ጽሑፍ ካነበቡ በኋላ በአንደኛው መንገድ ጽሑፉን ደግመው አነበቡት፤ በሁለተኛው መንገድ ግን ጽሑፉ ተወስዶ የሚያስታውሱትን በባዶ ወረቀት ላይ ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደግሞ ማንበብ በለጠ፤ 81 ለ75። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ደግመው ያነበቡት ከመቶ 42 ሲያስታውሱ፣ ራሳቸውን የጠየቁት ከመቶ 56 አስታወሱ። ልብ በሉ፤ ደግሞ ማንበብ ለጊዜው «ገብቶኛል» ያሰኛል። ደብተሩን ዘግቶ ማስታወስ ያስቸግራል፣ ያሳፍራል፤ የሚቀረው ግን እሱ ነው።

ሦስተኛው ወገን ተማሪው ባዶ ገንቦ አይደለም ይላል። ስዊሳዊው ዣን ፒያዤ ልጅ እውቀቱን ራሱ እየገነባ እንደሚሄድ አስተማረ። አሜሪካዊው ዴቪድ አውሱቤል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1968 ለአስተማሪ ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ተማሪው አስቀድሞ የሚያውቀውን ማወቅ ነው ሲል ጻፈ። ይህን በአገራችን ምሳሌ ላስረዳ። የጂኦግራፊ መጽሐፍ «ሰመር» በሰሜኑ የምድር ክፍል ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ሙቀት የሚበረታበት ጊዜ ነው ይላል። የአዲስ አበባ ልጅ ደግሞ በነዚያው ወራት በዝናብና በብርድ ይንቀጠቀጣል። ልጁ ብዙ ጊዜ ሙቀትና ብርድ የሚመጣው ፀሐይ ስትቀርብና ስትርቅ ነው ብሎ ያምናል። አስተማሪው ሳይጠይቀው አዲሱን ቃል ቢነግረው ልጁ ሁለት እውቀት ይይዛል፤ አንዱን ለፈተና፣ ሌላውን ለኑሮ። «ለምን ይመስልሃል?» ብሎ ቢጀምር ግን አሮጌው አሳብ ይወጣና የእኛ ክረምት የሚበርደው ከደመናውና ከዝናቡ የተነሣ መሆኑን ለማስረዳት መንገድ ይከፈታል።

ሩሲያዊው ሌቭ ቪጎትስኪ ደግሞ በ37 ዓመቱ እ.ኤ.አ. በ1934 ሳይሞት በፊት አንድ ጠቃሚ ነገር ትቶልናል። ልጅ ብቻውን የሚሠራው አለ፤ ቢረዱትም የማይችለው አለ፤ በሁለቱ መካከል ግን ትንሽ ቢያግዙት የሚችለው አለ፤ ማስተማር ያለብንም እዚያ ላይ ነው። ይህ መካከለኛ ቦታ የት እንደ ሆነ በግምት አይታወቅም። ጠይቆ መስማት ያስፈልጋል።

ሸክሙም መመጠን አለበት። ጆርጅ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1956 ሰው በአንድ ጊዜ በአእምሮው ይዞ የሚያቆየው ነገር ሰባት ያህል ብቻ መሆኑን ገለጠ፤ የኋላ ጥናቶች ቁጥሩን ወደ አራት አውርደውታል። ከዚህ ተነሥቶ ጆን ስዌለር በ1980ዎቹ በአልጀብራ ትምህርት እንዳሳየው፣ ጀማሪ ተማሪ ብዙ ጥያቄ ብቻውን ከሚታገል አስቀድሞ ተሠርቶ የተገለጠ ምሳሌ ቢያጠና ይበልጥ ይማራል። ስለዚህ «ራሱ ይፈልገው፣ ራሱ ያግኘው» የሚለው አነጋገር ለጀማሪ ሁልጊዜ አይሠራም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ቲዎሪ የሚመስል ነገር ሁሉ ቲዎሪ አይደለም። አንዱ የዓይን ተማሪ፣ ሌላው የጆሮ ተማሪ ነው፤ ለእያንዳንዱ በጠባዩ ማስተማር ይገባል የሚለው ንግግር በየሥልጠናው ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ2008 ጉዳዩን የመረመሩ የሥነ ልቡና ሊቃውንት ግን ይህን ለመደገፍ የሚበቃ ማስረጃ አላገኙም። ስለዚህ አስተማሪ በዚህ ጉዳይ ጊዜውን ባያባክን ይሻላል።

ጓደኞቼ ሆይ፤ እስካሁን የጠራሁት ሁሉ የውጭ ሰው ስም ነው። ነገር ግን ከዚህ ውስጥ ብዙው ለአገራችን እንግዳ አይደለም።

በንባብ ቤት ልጅ ፊደልን በመጀመሪያ በ«ሀ ሁ» ተራ በዜማ ይቈጥራል። ዜማው ልጁን ያታልለዋል፤ ፊደሉን ሳያውቅ ተራውን ብቻ ያስታውሳልና። ስለዚህ አባቶቻችን አቡጊዳን አበጁ። በአቡጊዳ የፊደሉም የድምፁም ተራ ይቀየራልና ልጁ በዜማ ሊያመልጥ አይችልም፤ እያንዳንዱን ፊደል በመልኩ ማወቅ ግድ ይሆንበታል። ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። በቁርኣን ቤትም ልጁ በእንጨት ሰሌዳው ላይ የጻፈውን በቃሉ ለመምህሩ ሳያሰማ ወደሚቀጥለው አያልፍም።

በቅኔ ቤት ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። ተማሪው ቀን በየጥጉ ተቀምጦ ቅኔውን በልቡ ይቈጥራል፤ ከዚያም በመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። መምህሩ አድምጦ ስሕተቱን እዚያው ያርማል። የሌላ ሰው ቅኔ ይዞ መቅረብ አይሆንም፤ አዲስ መሆን አለበት። ጀማሪው በሁለት ቤት በጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ከዚያ በሦስት ቤት ወደ ዘአምላኪየ፣ እያለም ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስ ይወጣል። ነባሩ ደቀ መዝሙርም አዲሱን ይረዳዋል። ቪጎትስኪ የተናገረለት እርዳታ፣ ስዌለር የተናገረለት የሸክም ምጠና፣ ስኪነር የተመኘው ፈጣን እርማት ሁሉ በአንድ የሣር ጎጆ ሥር ይገኛል።

ይህን ስል ያለፈውን ሁሉ አመስግኑ ማለቴ አይደለም። አለንጋው ብዙ ልጅ ከትምህርት አባርሯል። ብዙው ልጅ ዳዊትን በግዕዝ የደገመው ትርጉሙን ሳይረዳ ነው። እንደ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ያሉ ታላቅ የቅኔ መምህርት ቢነሡም በሩ ለሴት ልጅ እምብዛም አልተከፈተም። እኔ የምለው ሌላ ነው። ዘመናዊ ትምህርት ስንቀበል አለንጋውን መተዋችን መልካም ሆኖ ሳለ፣ ነገራውንም አብረን ጣልነው። ተማሪው በየቀኑ በመምህሩ ፊት የሚነግርበት፣ መምህሩም የሚሰማበት ሰዓት ጠፋ።

ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነው ታላላቆቻችን «ፕላዝማ» እያሉ የሚያስታውሱት የሳተላይት ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቤቶች ትምህርት በእንግሊዝኛ በቴሌቪዥን ይተላለፍ ነበር። አሳቡ በጎ ነበር፤ የገጠሩም የከተማውም ልጅ አንድ ዓይነት ትምህርት እንዲያገኝ ታስቦ ነው። የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ክፍል ቴሌቪዥኑ ሲወስድ፣ ለአስተማሪው የቀረችው መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ነበረች። ቴሌቪዥኑ ጥያቄ አይጠይቅም አይባልም፤ ይጠይቅ ነበር። ጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ መልሱን ራሱ ይናገርና ያልፋል። የልጁን መልስ ግን አይሰማም። ቢሳሳት አያርምም፤ ቢዘገይ አይጠብቅም። መልሱ የማይሰማ ጥያቄ ጥያቄ አይደለም።

ሌላው ምስክር የቡድን ሥራ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከመጣ ወዲህ ተማሪው በትምህርቱ ይሳተፍ የሚለው ቃል በየቦታው ይነገራል። ቃሉ ትክክል ነው። ነገር ግን በብዙ ክፍል አንዱ ጎበዝ ሥራውን ሁሉ ይሠራል፤ የቀሩት አራቱ ወይም አምስቱ ስማቸውን ያስጽፋሉ፤ ማርኩም ለሁሉም እኩል ይሰጣል። ክብ ሠርቶ መቀመጥ መሳተፍ አይደለም። ከቡድኑ ማንም ተነሥቶ «አስረዳ» ቢባል ማስረዳት ሲችል ነው ቡድኑ ተማረ የሚባለው።

እንግዲህ ነገ ጧት በሁለት ሰዓት ምን ይደረግ? በበኩሌ አራት ነገር ለውይይት አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ በክፍለ ጊዜው መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ሁሉም ተማሪ ደብተሩን ዘግቶ ሦስት ጥያቄ በወረቀት ይመልስ፤ ሁለቱ ካለፈው ቀን፣ አንዱ ካለፈው ወር ይሁን። መልሱ በሰሌዳ ይጻፍ፤ ተማሪው ራሱ ያርም። ማርክ አይሰጥበት። ሩት በትለር እ.ኤ.አ. በ1988 በእስራኤል ተማሪዎች ላይ ባደረገችው ጥናት፣ አስተያየት ብቻ የተጻፈላቸው ልጆች ተሻሻሉ፤ ማርክ የተሰጣቸው፣ ማርክና አስተያየት አብረው የተሰጣቸው እንኳ፣ እንደነሱ አልተሻሻሉም። ልጅ ቁጥሩን ካየ ምክሩን አያነብም።

ሁለተኛ፤ አዲስ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት «እናንተ ምን ይመስላችኋል?» ይባል። እንግሊዝኛው ለሚያንቀው ተማሪ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ወይም በሚችለው ቋንቋ አሳቡን እንዲያወጣ ይፈቀድለት፤ ከዚያ በኋላ ወደ እንግሊዝኛው ይሻገራል።

ሦስተኛ፤ በሒሳብና በሳይንስ በመጀመሪያ ሙሉ ምሳሌ፣ ቀጥሎ እኩሌታው የተሠራ፣ በመጨረሻ ተማሪው ብቻውን የሚሠራው ይቅረብ። ጉባኤ ቃናን ሳያልፉ መወድስ የለም።

አራተኛ፤ የተሳሳተ አይሳቅበት። ይህ የጠባይ ምክር ብቻ አይደለም። የሚፈራ ልጅ አይናገርም፤ ካልተናገረ ደግሞ አይታረምም።

ተቃውሞው ይገባኛል። አንዳንድ መምህራን «ክፍሉ ስልሳ፣ ሰባ ተማሪ ነው፤ ማንን ጠይቄ ማንን እተዋለሁ?» ይላሉ። እውነት ነው። ለዚህ ነው ጥያቄው በወረቀት ለሁሉም በአንድ ጊዜ ይሁን የምለው፤ አስተማሪው በረድፉ መካከል እያለፈ አሥር ወረቀት ቢያይ ስሕተቱ የት እንደሚበዛ ያውቃል። ሌሎች ደግሞ «ጊዜ የለም፤ ኮርሱ አያልቅም» ይላሉ። ኮርሱ የሚያልቀው ለማን ነው? በአስተማሪው ደብተር አልቆ በተማሪው አእምሮ ያልጀመረ ኮርስ አለቀ አይባልም። እርግጥ ቲዎሪ እንጀራ አይሆንም። የራበውን ልጅ፣ መጽሐፍ የሌለውን ክፍል፣ ደመወዙ የማይበቃውን አስተማሪ በቲዎሪ ልንሸነግል አይገባም። ሆኖም አምስት ደቂቃና ቁራጭ ወረቀት በጀት አይጠይቁም።

በመጨረሻ ወደ ራሳችን እመለሳለሁ። አብዛኞቻችን ጥቂት ዓመት ቆይተን በየክፍሉ የምንቆም ነን። ሰው የሚያስተምረው በአብዛኛው እንደ ተማረው ነው። ዛሬ እየገለበጥን ብቻ ከተማርን ነገ እያስገለበጥን እናስተምራለን። ስለዚህ ማኅበራችን አንድ ነገር እንዲጀምር አሳብ አቀርባለሁ። በየሳምንቱ አንድ ማታ የሦስተኛና የአራተኛ ዓመት ተማሪዎች የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን የሚሰሙበት ጉባኤ ይቋቋም። ታላቁ ሌክቸር አይስጥ፤ ይህ አልጎደለንም። ታናሹ ደብተሩን ዘግቶ የሳምንቱን ትምህርት ይንገር፤ ታላቁ ይስማ፤ እዚያው ያርም። ስሙን ነገራ ብንለው አባቶቻችን አይቀየሙንም።

ክቡራን መምህራን፤ እናንተንም በትሕትና የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። በየሌክቸሩ መጨረሻ «ገብቷችኋል?» ስትሉን «አዎ» እንላለን። ይህን መልስ አትመኑት። አንዳችንን አስነሥታችሁ «እስቲ ንገረን» በሉ፤ «ንገሪን» በሉ። ዝም ብንልም ጥቂት ታገሡን፤ ትምህርቱ የሚጀምረው ከዚያ ዝምታ ነውና።